የእትዬ ወለተሐና በር

እትዬ ወለተሐና የምትጸየፈው ነገር ብዙ ነው፤ ስድብ ግን አትወድም። ባጃጅ ውስጥ ጫት እየቃመ በመስኮት የሚተፋ ሾፌር ሲገጥማት ግማሽ መንገድ ላይ ሂሳቡን ከፍላ ትወርድና በእግሯ ትሄዳለች። ቢሮ ውስጥ ሰው ማማት ሲጀምር ብርጭቆዋን ይዛ ትነሳለች። ከእሷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ለዓመታት ስኖር አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ከአፏ ሲወጣ አልሰማሁም። የምሳደበው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈውም እሷ ያልተሳደበችውን ልሳደብላት ብዬ ነው።

ተወልዳ ያደገችው ጅግጅጋ ነው። አያቷ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ አባቷም ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እሷ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ትሠራለች። ሶማልኛዋ ከአማርኛዋ አያንስም፤ ገበያ ውስጥ ስትከራከር የሚሰማት ሰው የአንገቷን ማተብ ካላየ ማን እንደሆነች አያውቅም። ባሏ ሞቷል፣ አንድ ልጇ አዲስ አበባ ይማራል። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማዋ በታመሰች ጊዜ የድሮ ቤቷን በር በብረት ሰበሩት። እሷ በጓሮ ወጥታ ነፍሷን አተረፈች፤ ቤቱ ውስጥ ግን ማንኪያ እንኳ አልተረፈም። ማን እንደሰበረው አታውቅም፤ ማወቅም አልፈለገችም። ከዚያ ወዲህ የጠፋባት ዕቃው አይደለም፣ እንቅልፉ ነው። ሁልጊዜ ከመተኛቷ በፊት ቁም ሣጥኗን እየገፋች በሩ ላይ ታስደግፋለች። እኔ ከላይ ስሰማ ዕቃ የምታስተካክል ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ብጠይቃት «ሲሰብሩት ሳትሰሚ ብትቀሪስ?» አለችኝ።

የምንኖርበት ሕንፃ የሐጂ ፉአድ ነው። ሐጂ በጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ከተማ ላይ ከጉምሩክ ዕቃ የሚያስለቅቁ ነጋዴ ስለሆኑ ጅግጅጋ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። ኪራዩን የሚሰበስብላቸው፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ሠራተኛ የሚጠራላቸው፣ ከእኛ ጋርም የሚጨቃጨቅላቸው ምድር ቤት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያለው ወንደሰን ነበር። ወንደሰን ሴቱን ሁሉ «እናቴ»፣ ወንዱን ሁሉ «ጌታዬ» ነው የሚለው። እሑድ ነጠላውን አመሳቅሎ ከቅዳሴ ሲመለስ በየበሩ እያንኳኳ እንኳን አደረሳችሁ ይላል። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለው ሰው ምን እንደሚመስል ለማወቅ የፈለገ ከእሱ ሱቅ አምፖል ይግዛ።

ለእትዬ ወለተሐና ደግሞ አበልጅ ነው፤ ልጇን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ቤቷ ባዶ በቀረ ጊዜ ይህን ክፍል ፈልጎ ያገኘላት፣ ፍራሽ በትከሻው ተሸክሞ ያወጣላትም እሱ ነው። ስለዚህ ወንደሰን ምን ቢል፣ ምን ቢያደርግ «አበልጄ ነው» ትለኛለች። እግዜር ከሰጠው ዘመድ ይልቅ ሰው ራሱ የመረጠው ዘመድ ይበልጣል ባይ ናት። እኔ ሰውዬውን ገና ከመጀመሪያው አልወደድኩትም፤ ግን ያለ ምክንያት ሰው የምጠላ ክፉ መባልን ፈርቼ ዝም አልኩ።

በሕንፃችን ጫማ ከደጅ ይቀራል። የጅግጅጋን አቧራ የሚያውቅ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሩ ላይ አውልቆ ስለሚገባ ኮሪደሩ የመስጊድ ደጃፍ ይመስላል፤ ለዘመናትም አንድ ጫማ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን መጥፋት ጀመረ። በመጀመሪያ የእትዬ ወለተሐና ጎረቤት የኬሪያ ባል አዲስ ጫማ ሄደ። ቀጥሎ የልጆች ሸራ። ከዚያ ይባስ ብሎ አንድ እግር ብቻ መጥፋት ጀመረ፤ ጓደኛው እዚያው ተቀምጦ፣ ግራው ብቻ የለም። ሌባ ሆኖ ይህን ያህል ደደብ ነው እንዴ ብዬ ሳቅኩ። መጨረሻ ላይ የእትዬ ወለተሐና የቤተ ክርስቲያን ጫማ ጠፋ። የዚያኑ ቀን የበሯ ቁልፍ ዙሪያውን በብረት ተፍቆ ተገኘ። የዚያን ዕለት ቁም ሣጥኑ ገና ሳይመሽ ተገፋ።

ከዚያ ሁሉም የጥበቃ ሊቅ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። አንዱ ዘበኛ እንቅጠር ሲል ሌላው ተያዥ ማን ይሆነዋል አለ። ስለ ውሻ ያነሳ ሰው ነበር፤ ኬሪያ ውሻ ያለበት ደረጃ ላይ ውዱእ አድርጌ አልወጣም ብላ ዘጋችው። የብረት በር ያሉም ነበሩ። ሐጂ ፉአድ በስልክ፣ ግድግዳ እንዳይበሳ፣ በር የሚያስገጥምም ሲለቅ ትቶ እንዲሄድ ተናገሩ። የተከራየ ሰው ፍርሃቱም በባለቤቱ ፈቃድ ነው።

እኔና እትዬ ወለተሐና ታይዋን የሚባለው ገበያ ወደ ሀምዲ ሱቅ ሄድን። ሀምዲ የበርና የቁልፍ ዕቃ የምትሸጥ ፈጣን ሴት ናት። መደርደሪያው ላይ ሞልቶላታል፦ በሩ ሲከፈት የሚጮህ፣ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ደወል፤ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ካሜራ፤ በጣት አሻራ የሚከፈት እጀታ። እትዬ ወለተሐና እጀታውን አገላብጣ አየችው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጠየቀች፤ ባትሪው ሲያልቅስ አለች፤ ጣቴ ቢቆስልስ አለች።

«ዋላል፣ እህቴ፣ አንቺ ተከራይ ነሽ» አለቻት ሀምዲ። «መጀመሪያ የቁልፉን ሲሊንደር፣ መክፈቻው የሚገባበትን፣ ቀይሪ። የድሮውን አስቀምጪ፤ ቤቱን ስትለቂ መልሰሽ ትገጥሚለታለሽ፤ ግድግዳ አይነካም። ከዚያ ይቺን ደወል ለጥፊ። ሌላው ትርፍ ነው።»

እትዬ ወለተሐና ለመግዛት ቦርሳዋን ከፍታ ነበር። ከዚያ አበልጄን ላማክር አለች፣ ዘጋችው። ወንደሰን ሲሰማ ሳቀ። በወጃሌ ድንበር የገባ ኮተት ገዝታችሁ ልትገቡ ነው አለን። ሌባ ቁልፍ አይፈራም፣ የሚፈራው መታየትን ነው፤ ሁነኛ ካሜራ ከዱባይ በሰው አስመጣላችኋለሁ፤ ፎቅ ፎቁን አዋጡ አለ። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ተስማሙ። የእኛ ሦስተኛ ፎቅ እምቢ አለ፤ ከሁሉ ጮክ ብዬ እምቢ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ካሜራው ሁለተኛ ፎቅ ሊሰቀል ሲል ኬሪያ ከበሯ ወጣች። «በቤት ልብስ፣ ጸጉሬን ሳልሸፍን ቆሻሻ ላወጣ ብቅ እላለሁ። ማን ነው እሱን ተቀምጦ የሚያየው?» አለች። የክርስቲያኖቹም ሚስቶች ተደገፏት። ወንደሰን በእኔ ስልክ ይሁን ቢል ጭራሽ ቀወጡት። በመጨረሻ ምስሉ በእትዬ ወለተሐና ስልክ ብቻ እንዲታይ፣ ካሜራውም ወደ ታች ዞሮ ከጉልበት በታች ብቻ እንዲያይ ተወሰነ። የጠፋው ጫማ አይደል? ጫማውን ይይ። ወንደሰን ይህን ሲሰማ ሳይከራከር እሺ አለ፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብን።

እንዲህ ዓይነት ጥበቃ የትም ያለ አይመስለኝም። እትዬ ወለተሐና ከቢሮ ስትመለስ ስልኳን ከፍታ የሕንፃውን ሰው በእግሩ ታያለች። የማን ተረከዝ እንደተሰነጠቀ፣ ማን ጫማውን ጨፍልቆ እንደሚሄድ፣ የኬሪያ ልጆች ግራና ቀኙን አዛብተው እንደሚጫሙ ትነግረኛለች። ትስቃለችም። ከሁሉ በላይ ግን ቁም ሣጥኑ መገፋቱን አቆመ። ጠዋት ፊቷን ሳይ የተኛ ሰው ፊት ነበር። ለዚህ ስል፣ ለካሜራው አልከፍልም ማለቴን አፈርኩበት፤ ለወንደሰንም ሰላምታ መስጠት ጀመርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከእኛ ፎቅ ጫማ ጠፋ። የእኔ ሙሉ ጥንዱ፣ የጎረቤቴ ደግሞ ግራው ብቻ። ወንደሰን ደረጃው ላይ ቆሞ «ተናግሬ ነበር፣ እናቴ» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ሲሄድ ሕንፃው ውስጥ ብቻውን የሚቀር ማን ነው ሲል ጠየቀ። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ካልቱን ናት።

ካልቱን ደረጃውን የምትጠርገው ናት። ከሐርተሼክ መጥታ ሁለት ልጆች በመጥረጊያ ታሳድጋለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው፤ ግን ያኔ ማን አወቀ? ፌስታሏን ታሳየን አለ ወንደሰን። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። እጁን የሚዘረጋ ጠፋ። እትዬ ወለተሐና ቢሮዋ የሰውን ቦርሳ በር ላይ መፈተሽ የለመደች ናት፤ «ስጪኝ፣ ይገላገል» ብላ ተቀበለቻትና እዚያው ደረጃው ላይ ፈታችው። እርጥብ ጨርቅ፣ ግማሽ ዳቦ፣ የሕፃን ሽሮፕ ጠርሙስ። ሌላ ምንም አልነበረበትም። ካልቱን አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ዕቃዋ ሲዘረገፍ ቆማ አየች። ወንደሰን ግን ለጥንቃቄ ነው ብሎ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ነገራት።

እትዬ ወለተሐና ቤቷ ገብታ ስልኳን ከፈተች። ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው ሁሉ በእሷ ኮሪደር ጫፍ ማለፉ አይቀርም። ጫማችን ከጠፋበት ከአርብ ጀምሮ የተቀዳውን አየች። ወንዶቹ ለጁምዓ መስጊድ ሄደዋል፣ የቀረው ሥራ ላይ ነው፣ ኮሪደሩ ጭር ብሏል። በዚያ ሰዓት ሁለት ባዶ እግሮች አለፉ። ቆይተው ተመለሱ፤ ሲመለሱ ከጎናቸው የተንጠለጠለ የእኔ ቡናማ ጫማ ይታያል። ጠርታኝ አሳየችኝ።

«እግር ነው እንግዲህ፣ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?» አልኳት።

ምስሉን አቆመችና አሰፋችው። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ከሰል መስሎ፣ መሐሉ ተሰንጥቋል።

«ይህን ጣት ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች። «አበልጄ ለፋሲካ ጋዝ ሲሊንደሬን ሲያወጣልኝ የወደቀበት ጊዜ። እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጬ በሞቀ ውሃ አጥቤ ያሰርኩት።»

ጫማው እንዳይታወቅ በባዶ እግሩ መጣ። ፊት የማያይ ካሜራ ምን ያደርገኛል ብሎ ደረቱን ነፍቶ አለፈ። አንዲት ሴት ቁስሉን አጥባ እንደነበር ትዝ እንኳ አላለውም።

አንድ እግር ጫማ ለምን እንደሚሰርቅም ያን ጊዜ ገባኝ። ጫማ አይደለም የሚሸጠው። እኛን እያስደነገጠ ካሜራ ነው የሚሸጠው፤ የእኛ ፎቅ እምቢ ሲል እኛንም ሊያስፈራራ ወጣ። እትዬ ወለተሐና ግን በሐሳብ ከእኔ ቀድማ ሄዳ ነበር፤ የተፋቀውን በሯን እያየች ነበር።

«ትርፍ ቁልፌ እሱ ጋ ነው» አለችኝ። «ታምሜ ብወድቅ እንዲከፍትልኝ ብዬ የሰጠሁት፤ ቤቱን የተከራየሁ ዕለት። ሊገባ ቢፈልግ ቁልፉ አለው። የፋቀው እንዲያው ሊያስደነግጠኝ ነው።»

አብሬያት ወደ ሱቁ ወረድኩ። ደንበኛ አልነበረም። ስልኩን አስጠጋችለት። አየው፣ ሳቀ፣ እግር ይመሳሰላል አለ። እሷ ምስሉን አቁማ ጥቁሩን ጥፍር አሰፋችለት። ያን ጊዜ ሳቁን ትቶ ወደ እሷ ዘንበል አለ።

«ለእናንተው ደኅንነት ብዬ እኮ ነው፣ አበልጄ። ሰዉ ካልደነገጠ አያዋጣም። አንቺን ምን ጎዳሁሽ? ይኸው ካሜራው ከገባ ወዲህ መተኛት ጀመርሽ አይደል?»

እንቅልፍ እንደሌላት የነገረችው ራሷ ናት፤ ልጇን ክርስትና ላነሳላት ሰው። እሱ ደግሞ ፍርሃቷን እንደ ዕቃ ሸቀጠባት። እኔ የአፌን ሁሉ አወረድኩበት፤ እዚህ አልደግመውም። ከመደርደሪያው ጀርባ በር ያላት ትንሽ መጋዘን አለችው፤ እየተሳደብኩ ገፍቼ ከፈትኳት። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጫማ ነበር። የሰው እግር ላብ፣ ሻጋታና የአይጥ ሽንት አንድ ላይ የሚሸት ማዳበሪያ። ለመሸጥ እንኳ አልደከመም፤ እዚያው እንዲበሰብስ ነው የተወው። እትዬ ወለተሐና «ቁልፌን» አለችው። ነገ ፈልጌ አመጣልሻለሁ አለ። ትታው ወጣች።

በማግስቱ ቁልፉ ሳይሆን ሽማግሌ መጣ። የማኅበር ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም የከበሩ፣ ሁሉም ነጭ የለበሱ። ወንበር ሰጠቻቸው፣ ውሃ ቀዳችላቸው። ሰይጣን አሳስቶት ነው አሉ። የእኛን ገመና ለሐጂ ፉአድ አንስጥ፣ ሆድ ይፍጀው አሉ። ሐጂ የሰሙ እንደሆነ ሱቁንም ሥራውንም ያጣል፣ ልጆች አሉት አሉ። ካልቱንም ልጆች እንዳሏት ያሰበ የለም። አንደኛው ጭራሽ «ለአንዲት ደረጃ ጠራጊ ብለሽ አበልጅሽን ታዋርጃለሽ?» አላት። ያን ሰው ዛሬም መንገድ ላይ ሳየው ያቅለሸልሸኛል።

አስጨርሳቸው ስልኳን አነሳች፣ እነሱው ፊት ደወለች።

«ሐጂ፣ ጫማውን የወሰደው ወንደሰን ነው። አይቼዋለሁ። ካልቱን አይደለችም፤ ወደ ሥራዋ ይመልሷት።»

ሐጂ ከደወሌ መጡ። ምስሉን አዩ፣ ማዳበሪያውን አስወጥተው ግቢው ውስጥ አስዘረገፉት፣ ወንደሰንንም ከሱቁም ከኃላፊነቱም አሰናበቱት። ከጫማዎቹ ውስጥ የእኔን አገኘሁት፤ ቆሻሻ ላይ ጣልኩት። ሀምዲ ጋ ሄደን ሲሊንደር ስንገዛ፣ ወንደሰን ከዱባይ አስመጣሁ ያለውን ካሜራ ከእሷው መደርደሪያ እንደገዛው ነገረችን። ሳቅ እንኳ አልመጣልንም።

ካልቱን ስትመለስ እትዬ ወለተሐና በሯ ላይ ጠበቀቻት። አዲሱ ሲሊንደር ተገጥሟል፣ ደወሉም ተለጥፏል። እጇ ላይ አንድ ትርፍ ቁልፍ ይዛለች። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ አንድ ቀን ብትወድቅ የሚከፍትላት ሰው ያስፈልጋታል። ስለዚህ ነገር ምንም አላማከረችኝም። ቁልፉን ዘረጋችላት።

«ያዥልኝ፣ ልጄ። አንቺን ነው የማምነው።»

ካልቱን ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች። ቁልፉን አየችውና እጆቿን ሻርፗ ውስጥ ከተተች።

«ኤዶ፣ አክስቴ፣ ደረጃውን እጠርግልሻለሁ» አለች። «ከታመምሽም ጥሪኝ፣ እመጣለሁ ወላሂ። ቁልፍ ግን አልይዝም። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ቁልፍ ያለው ነው የሚጠየቀው። ያን ቀን ወንደሰን ፈትሹ አለ እንጂ አልነካኝም። የፈታሽው አንቺ ነሽ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ባልዲዋን አንስታ ወደ ላይ ወጣች። እኔ ለእትዬ ወለተሐና ልከራከርላት አፌን ስከፍት እጄን ያዘችኝ።

«ተያት፣ እውነቷን ነው» አለችኝ። «እኔስ ብሆን እቀበል ነበር?»

ቁልፉን እንደዘረጋችው መዳፏ ላይ ይዛ፣ ካልቱን ከላይ መጥረግ ስትጀምር እስክንሰማ ድረስ በሩ ላይ ቆመች።